«ውሃ ጠጣሽ?» የሚለው መልእክት፦ ፕሬፕን በስልክ የሚከታተለው አገልግሎት እንዴት ነው?

ሰው ስለ ክትፎ ቤት ይጽፋል። ስለ ስልክ ይጽፋል። ስለ ጸጉር ቤትም ይጽፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የጤና አገልግሎት ነው። ሰው በግልጽ የማያወራበት ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ኤችአይቪ እንዳይዝ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለ። ፕሬፕ ይባላል። እኔ በምሄድበት ጤና ጣቢያ ኪኒኑን ለሚወስዱ ሰዎች በስልክ አጭር መልእክት ይላካል። ማታ ማታ ይመጣል። ወስደሽ ከሆነ 1፣ ካልወሰድሽ 2 ብለሽ ትመልሻለሽ። በቃ፣ አገልግሎቱ ይኸው ነው። ለመድኃኒቱም ለመልእክቱም አልከፈልኩም። መልስ ስመልስም ከሂሳቤ አይቆርጥም።

ጤና ጣቢያው መሃል ከተማ ነው፤ ከምሠራበት ከፒያሳ በእግር ይደረሳል። ስሙን አልጠቅስም። የምነቅፈው ነገር ስላለኝ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ደግሞ እዚያ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉ ነው። ማንም ሄዶ እንዲያያቸው አልፈልግም።

ለምን ተጠቃሚ እንደሆንኩ ካልነገርኳችሁ አስተያየቴ ግልጽ አይሆንም። ኬክ ቤት ካሸር ነኝ። ባለትዳር ነኝ። ልጅ ለመውለድ ስናስብ ሁለታችንም ተመረመርን። የእሱ ፖዘቲቭ፣ የእኔ ነጋቲቭ ሆነ። እሱ ወዲያው ኤአርቪ የሚባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት ጀመረ። መድኃኒቱን በደንብ የወሰደ ሰው በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ ዛሬ የተረጋገጠ ነገር ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ወራት ያስፈልጋሉ። በእነዚያ ወራት እኔን የሚጠብቀኝ ፕሬፕ ነው። እኛ አገርም ፕሬፕ ሲጀመር የታሰበው በመጀመሪያ ደረጃ ለእንደኛ ዓይነት ጥንዶችና በወሲብ ንግድ ለሚተዳደሩ ሴቶች ነበር።

ኪኒኑ እንደሚሠራ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ ከ4,700 በላይ የሚሆኑ እንደኛ ያሉ ጥንዶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት አለ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሁለት መድኃኒት የተዋሃደበትን ኪኒን ከወሰዱት መካከል በቫይረሱ የመያዝ አደጋ በ75 በመቶ ቀንሷል። መድኃኒቱ በደማቸው በተገኘባቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ጥበቃው ከዚያም ከፍ ያለ ነበር። ነገሩ ሁሉ መዋጡ ላይ ነው። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ኪኒን ማንንም አይጠብቅም። መልእክቱ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

ስመዘገብ ሲስተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ስልክሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል?» ብላ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤታችን ውስጥ ስልክ የጋራ ነው። እህት ትደውልበታለች፣ የጎረቤት ልጅ ጌም ይጫወትበታል። ቀጥላ «መልእክቱ ምን እንዲል ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ለካ ጽሑፉን ራስሽ ነው የምትመርጪው። «ኪኒን» የሚል ቃል የለበትም። «ፕሬፕ» የሚል የለበትም። የጤና ጣቢያውም ስም የለበትም። እኔ «ውሃ ጠጣሽ?» አልኩ። ኪኒኑን የምውጠው በውሃ ስለሆነ ለእኔ ግልጽ ነው። ለሌላ ሰው ግን ተራ ነገር ነው።

ይህን ክፍል በጣም ወድጄዋለሁ። ያሰበበት ሰው የአዲስ አበባን ቤት ያውቃል። አንድ ቀን የባለቤቴ እህት ስልኬ ጠረጴዛ ላይ ሲበራ አየችው። «ማነው ውሃ ጠጣሽ የሚልሽ?» አለችኝ። «ከጤና ጣቢያ ነው፤ ውሃ ጠጪ ብለውኛል» አልኳት። «እኔንም አስመዝግቢኝ፤ እኔም እረሳለሁ» አለች። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። መልእክቱ ላይ የመድኃኒት ስም ቢኖርበት ኖሮ ያ ምሽት ሌላ ምሽት ይሆን ነበር። የፕሬፕ ኪኒን የያዘ ሰው ሁሉ ቫይረሱ ያለበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ያንን ለእያንዳንዱ ዘመድ ማስረዳት ደግሞ አድካሚ ነው።

የሰዓቱ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ አስቸግሮኛል። ሲስተሯ «ስንት ሰዓት ይሁንልሽ?» ስትለኝ «ሦስት ሰዓት» አልኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ራት በልቼ፣ እፎይ የምልበት ሰዓት ነው። በዚያ ላይ በጾም ወቅት ቀን ውሃም አልቀምስምና ማታ ይሻለኛል። ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ሦስት ተብሎ ተጻፈ። መልእክቱ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ደንግጦ ተነሳ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መርዶ ነው። በማግስቱ ሄጄ ነገርኳቸው፤ አስተካከሉት። ከእኔ በኋላ የተመዘገበች ሌላ ሴትም ይኸው እንደደረሰባት ነግራኛለች። አንድ ቦታ ላይ «ማታ» ወይም «ጠዋት» የሚል ምርጫ ቢጨመር የሚያልቅ ነገር ነው። እስካሁን አልተጨመረም።

የቀጠሮ ማስታወሻውም እንዲሁ። ፕሬፕ የሚወስድ ሰው በየሦስት ወሩ የኤችአይቪ ምርመራ ያደርጋል። ይህ ወሳኝ ነው። ሳያውቅ ቫይረሱ የያዘው ሰው ፕሬፕ ብቻ እየወሰደ ቢቀጥል ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት መልእክት ይመጣል። ግን ቀኑ በቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ወሩም በቁጥር። የእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የእነሱ? ካርዴ ላይ ያለው በእኛ ነው፤ መልእክቱ በእነሱ። «መጋቢት 5» ብሎ የወሩን ስም መጻፍ ምን ይከብዳል?

ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም አይደለም። አብራኝ ተራ የምትጠብቅ አንዲት እናት በእጇ ያለችው የድሮ ባለቁልፍ ስልክ ናት። የእሷ ላይ መልእክቱ አራት ማዕዘን ብቻ፣ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ እንዲላክላት ሲስተሯ ቀየረችላት። አንድ ሌላ ነገርም አለ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፤ ላኪውም የሁለት ይከፍላል። ጽሑፉ ሁልጊዜ አጭር የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። አጭርነቱ ጠቅሞታል። እኔ በሥራ መሃል ረጅም ምክር ቢላክልኝ አላነበውም ነበር።

የሚላክበት ቁጥር አጭር ቁጥር ነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስልካችን በአጭር ቁጥር በሚላክ ማስታወቂያ የተጥለቀለቀ ነው። ሽልማት፣ ሎተሪ፣ ጥያቄና መልስ፣ በየቀኑ ብር የሚቆርጥ አገልግሎት። ብዙዎቻችን ሳናነብ ማጥፋት ለምደናል። ቁጥሩን ስም ሰጥታችሁ ካልመዘገባችሁት መልእክቱ በእነዚያ መሃል ይጠፋል። እኔ «ውሃ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሲመዘገቡ እዚያው ይህን የሚያሠራ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። ሁለት ሲም ያላችሁም ብትሆኑ በየትኛው እንደሚሠራ ጠይቁ፤ በእኔ ሁለተኛው ሲም ላይ አጭር ቁጥሩ አይመጣም።

አንዳንድ ሰው «ለምን በቴሌግራም አያደርጉትም?» ይላል። ገባኝ፣ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነን። ግን ያቺ ባለቁልፍ ስልክ ያላት እናት ቴሌግራም የላትም። የወር ጥቅል ያለቀበት ሰው ኢንተርኔት የለውም። አጭር መልእክት ግን ካርድ ባይኖርም ይደርሳል። ጉድለቱ ያው ምስጢር የመጠበቅ አቅሙ ደካማ መሆኑ ነው። መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፤ ስልኩን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል። የቃላቱ ምርጫ ይህንን በከፊል ይሸፍነዋል። ቢሆንም ስክሪኑ ሲቆለፍ ጽሑፉ እንዳይታይ አድርጉ፤ መልሳችሁንም በየጊዜው አጥፉ። ያለፉት መልሶች ተደርድረው ሲታዩ «1፣ 1፣ 1፣ 2፣ 1» የሚለው ነገር ያጠያይቃል።

እስካሁን ያልኩት ስለ መልእክቱ ነው። የአገልግሎቱ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ጊዜ አክስቴ አርፋ ከሥራ ቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ልብስ እንኳን አልቀየርኩም። ኪኒኑ ቤት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ «ውሃ ጠጣሽ?» የሚለው መጣ። 2 ብዬ መለስኩ። ስልኩን አጠፋሁና ተውኩት።

ጠዋት ሲስተሯ ደወለች።

«እንደምን አደርሽ የኔ እናት። አሁን ማውራት ትችያለሽ?»

«ለቅሶ ላይ ነኝ ሲስተር።»

«ነፍስ ይማር። እግዜር ያጽናሽ። እንግዲያው አንቺ አዎ ወይም አይ ብቻ በዪ። ኪኒኑ አብሮሽ አለ?»

«አይ።»

«ዛሬ ትመለሻለሽ?»

«አዎ።»

«እንደገባሽ አንዷን ዋጪ። ያለፈውን ለማካካስ ብለሽ ሁለት እንዳትደራርቢ። ባለቤትሽ አብሮሽ ነው ያደረው?»

«አይ።»

«በቃ፣ አይዞሽ። ከነገ ጀምሮ በሰዓትሽ ቀጥዪ። ቦርሳሽ ውስጥ የሁለት ሦስት ቀን የሚሆን ያዢ፤ ግን እርጥበት እንዳያገኘው።»

አጠገቤ ዘመዶቼ አሉ። አንዳቸውም ስለምን እንደምናወራ አላወቁም። «ለምን አልወሰድሽም?» ብላ አልጠየቀችኝም። አልተቆጣችኝም። እኔ ብዙ ጤና ተቋም ሄጄ አውቃለሁ። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ካርድ ክፍል በር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ ሲዘለፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ያ የስልክ ጥሪ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። አዎና አይ ብቻ የሚበቃበት ጥያቄ መጠየቅ ሙያ ነው። ያሠለጠናት ሰው ካለ እግዜር ይስጠው።

ከዚያ በኋላ 2 ብሎ መመለስ ቀለለኝ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመ «ቮይስ» የሚባል የፕሬፕ ጥናት አለ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ ከ5,000 በላይ ሴቶች ተሳትፈውበታል። ሴቶቹ ሲጠየቁ መድኃኒቱን 90 በመቶ ያህል እንደተጠቀሙ ተናገሩ። ደማቸው ሲመረመር ግን መድኃኒቱ የተገኘው በ30 በመቶ ወይም ከዚያ ባነሰው ናሙና ውስጥ ነው። ይህን ሳነብ ሴቶቹን ውሸታም ማለት አልቻልኩም። ነጭ ጋውን የለበሰ፣ በደግነት ፈገግ የሚል ሰው ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ «በደንብ እየወሰድሽ ነው አይደል?» ሲልሽ «አዎ» ነው የሚወጣሽ። ይሉኝታ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ነገር አይደለም ማለት ነው። ስልኩ ላይ ግን ፊት የለም። አንዲት ቁጥር ነው የምትነኪው። 2 ስትዪ ደግሞ ቁጣ የማይከተልሽ ከሆነ እውነቱን ትጽፊያለሽ። ልጅ ሆኜ በየፖስተሩ ላይ 952 የሚል የስልክ መስመር ነበር። የማያውቁትን ሰው፣ ፊቱን ሳያዩ፣ ስለ ኤችአይቪ መጠየቅ ይቻል ነበር። ያ መስመር ለምን ሰው ይወደው እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

የጥሪው ጉዳይ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ኤአርቪ በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ለግማሾቹ በሳምንት አንድ ጊዜ «ማምቦ?» የሚል መልእክት ተላከላቸው። «እንዴት ነው?» እንደማለት ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ ደህና ነኝ ወይም ችግር አለ ብለው ይመልሳሉ። ችግር አለ ላለና ላልመለሰ ሰው የጤና ባለሙያ ይደውላል። መድኃኒቱን በደንብ ወስጃለሁ ያሉት መልእክቱ ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ሆኑ። ቫይረሱም በብዙዎቹ ደም ውስጥ ወረደ። በሌላ በኩል እዚያው ኬንያ፣ በኪሱሙና በቲካ፣ ፕሬፕ በሚወስዱ 348 ወጣት ሴቶች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ለግማሾቹ የሚደርሳቸው የማስታወሻ መልእክት ነበር። ከማይደርሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለውጥ አልታየባቸውም። ሁለቱ ጥናቶች በሰውም በመድኃኒትም ስለሚለያዩ አንድ ላይ ማወዳደር ይከብዳል። ግን እኔ በራሴ ስልክ ያየሁት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ማስታወሻማ አላርምም ያስታውሳል፤ እኔን የጠቀመኝ ደውሎ የሚያናግረኝ ሰው ነው።

ይህንን በደንብ ያወቅሁት ጥሪው ሲጠፋ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚያ ገንዘብ የሚሠራው የኤችአይቪ ሥራ አገር ምድሩ ላይ ተናጋ። ጤና ሚኒስቴር በዚያ በጀት የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል እንዳቋረጠ በዜና ሰማን። እኔ ዜናውን ሳገናኘው ቆይቻለሁ። መልእክቱ እንደወትሮው ይመጣል። ማታ ሦስት ሰዓት፤ «ውሃ ጠጣሽ?» ያን ሰሞን አሞኝ ያስመልሰኝ ነበር። ኪኒኑ ሆዴ ውስጥ ይቆይ አይቆይ አላውቅም። 2 ብዬ መለስኩ። «እናመሰግናለን፣ መልስሽ ደርሶናል» አለኝ። ጠዋት ስልኬን እጄ ላይ ይዤ ሠራሁ። ማንም አልደወለም። በማግስቱም 2 አልኩ። አሁንም «እናመሰግናለን»።

ያ «እናመሰግናለን» የሚለው ቃል እንዴት እንደከበደኝ ልነግራችሁ አልችልም። ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል። የተረከበው ሰው ግን የለም። ለማን ነው የምመልሰው?

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። የሲስተሯ ክፍል ተቆልፏል። ተጠቃሚዎችን የምትከታተለዋ የኬዝ ማናጀሯም ወንበር ባዶ ነው። ጥበቃው «እነሱ የሉም፣ ውስጥ ጠይቂ» አለኝ። ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻዋን ካርድ ተከምሮባት ተቀምጣለች። ሦስት ሰው የሚሠራውን ሥራ ለብቻዋ ይዛለች። ስለ መልእክቱ ስጠይቃት መልሶቹ የት እንደሚታዩ እንኳን አታውቅም። ቢሆንም አየችኝ፣ አናገረችኝ፣ የአንድ ወር ኪኒን ሰጠችኝ። በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ መልእክቱ እንዲቀጥል መተዉ ላይ ነው። ከኋላው ሰው ከሌለ ቢያንስ «ለጊዜው የሚደውል ሰው የለም፤ ችግር ካለ በአካል ነዪ» ብሎ አንድ ጊዜ መላክ ይቻል ነበር። በእነዚያ ሳምንታት 2 ብለው መልስ የጠበቁ፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጠው የተዉ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ሳስብ ያመኛል።

ከእነዚህ አንዷን አውቃታለሁ። ካዛንቺስ ነበር የምትኖረው። ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ገላን ጉራ ሄደች። ቀድሞ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ አሁን ሁለት ሦስት ታክሲ ነው። ለእሷ ያ መልእክት ከጤና ጣቢያው ጋር የቀራት አንድ ገመድ ነበር። ጥሪው ሲቋረጥ ኪኒኑንም አቆመች። በኋላ ሌላ ነርስ ሥራውን ተረከበች፤ የድሮውን መልስ ሁሉ ከፍታ አየች፤ ለሁሉም ደወለች። ለእሷም ደወለች። እንጦጦ ጠበል ላይ ነበረች። ነርሷ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ፤ አይጣሉም» አለቻት። አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው ስለ ኤአርቪ ይህንኑ በይፋ ተናግረው ነበር። ሴትዮዋ መጣች፣ ተመረመረች፣ ነጋቲቭ ሆና ተገኘች፣ እንደገና ጀመረች። ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር።

አሁን አገልግሎቱ ተመልሷል ማለት ይቻላል። እንደ ድሮው ግን አይደለም። ጥሪው ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ማታ 2 ያለ ሰው እስከ ሰኞ ይጠብቃል። በወሲብ ንግድ ለምትተዳደር ሴት ዓርብና ቅዳሜ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። የካርድ በጀት ሲያልቅ ደግሞ ነርሷ ከራሷ ኪስ እየሞላች ነው የምትደውለው። አንድ ቀን ሚስኮል አድርጋልኝ እኔ መልሼ ደወልኩ፤ ይቅርታ ስትጠይቀኝ አፈርኩ። ማፈር ያለባት እሷም እኔም አይደለንም። መልእክት በጅምላ ለመላክ ገንዘብ ከተገኘ ለመደወያም መገኘት አለበት።

ድግግሞሹን በተመለከተ፣ ሲጀመር በየቀኑ ነበር። ኪኒኑን መዋጥ እስኪለመድ ጥሩ ነው። ከቆየ በኋላ ግን ጆሮ ይለምደዋል፤ ሳታነቢ 1 ትያለሽ። እኔ ወደ ሳምንታዊ እንዲቀየርልኝ ጠየቅኩ። አሁን እሁድ ማታ «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ዘለልሽ?» የሚል ነው የሚመጣው፤ ያው በእኔ ቋንቋ «ስንት ቀን ውሃ ሳትጠጪ አደርሽ?» ተብሎ። ቁጥር እመልሳለሁ። ይህኛው ያሳስባል። ሳምንቱን መለስ ብዬ እቆጥራለሁ። ኬንያ ውስጥ ኤአርቪ በሚወስዱ ሰዎች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናትም ሳምንታዊው ሲጠቅም ዕለታዊው አልጠቀመም ነበር። ስለዚህ ምርጫው ከመጀመሪያው ለሁሉም ቢነገር ጥሩ ነው። እኔ ስላልተነገረኝ በራሴ ነው የጠየቅኩት።

በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጋ መርፌ መጥቷል የሚል ወሬም ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ሌናካፓቪር ይባላል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ሙከራ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲሰጥ መክሯል። ደስ ይላል። ግን በስድስት ወር አንዴ የሚመጣ ቀጠሮም ይረሳል፤ ሰውም ሰፈር ይቀይራል። ያኔም የሚደውል ሰው ያስፈልጋል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለመልእክቱ ከ5 3 እሰጣለሁ። ምስጢር አጠባበቁና አጭርነቱ ጥሩ ነው፤ ሰዓቱና ቀኑ ይታረም። ለጥሪው፣ ሲኖር፣ 5 እሰጣለሁ። ፕሬፕ ከኤችአይቪ ውጭ ካሉ የአባላዘር በሽታዎች አይከላከልም፣ እርግዝናም አይከላከልም፤ ይህንን መልእክቱ አይነግራችሁም፣ ስለዚህ ባለሙያውን ጠይቁ። ማቆም ስትፈልጉም በራሳችሁ አታቁሙ። የባለቤቴ የቫይረስ መጠን አሁን በምርመራ አይታይም። እኔ መቼ እንደማቆም የወሰንነው ግን ሁለታችንም ባለንበት ከነርሷ ጋር ተመካክረን ነው።

ልትመዘገቡ ከሆነ መጀመሪያ የሚመዘግባችሁን ሰው ይህን ጠይቁት። 2 ብዬ ብመልስ ማን ነው የሚደውልልኝ? በስንት ሰዓት ውስጥ? ቅዳሜና እሁድስ? ስም ከጠራላችሁ ተመዝገቡ። «ሲስተሙ ይመልሳል» ካላችሁ ግን ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉና የነርሷን ቁጥር በእጃችሁ ጽፋችሁ ውጡ።